ሞተራችሁን ደብረ ብርሃን አሳድሩት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አብረን ያደግን አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስት ሞተር ሳይክሎች አሉን፤ ሁለቱ ባለ 125 ሲሲ፣ አንዱ ባለ 150 ሲሲ ናቸው። ታላቁን ሩጫ ከልጅነታችን ጀምሮ በቴሌቪዥን ስናይ ኖረን፣ ዘንድሮ ግን መስቀል አደባባይ ቆመን በዓይናችን ለማየት ተስማምተናል። ያሰብነው ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከደሴ ተነሥተን ሌሊቱን በመጓዝ እሑድ ማለዳ አዲስ አበባ ለመግባት፣ ሩጫው ሲያበቃም በዚያው ዕለት ለመመለስ ነው። ይህም የአልጋ ወጪ ያስቀርልናል፤ ሰኞም ሥራችን ላይ እንገኛለን። ነገር ግን የአንዱ ጓደኛችን እናት ነገሩን ሰምተው «ልጄን በሌሊት አልሰድም» ብለዋል። ከእኛም ሁለታችን እያመነታን ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
አምስቱ ጓደኛሞች፣ ከደሴ

መልስ፦ በመጀመሪያ የጓደኛችሁን እናት ጉልበት ሳሙልን። እኛም የምንለው እሳቸው ያሉትን ነው፤ ጉዞው መልካም ነው፣ ሌሊቱ ግን አይሆንም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ብቻውን ወጣት የሚያሸንፍ አይደለም፤ ከባድ የሚያደርገው የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ በሐርቡ፣ በከሚሴና በአጣዬ አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳችኋል። ከሸዋ ሮቢት በኋላ ግን 50 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ዳገት ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። በሸሚዝ ብቻ ላባችሁን እየጠረጋችሁ ምሳ በበላችሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጃኬት ደርባችሁም እጃችሁ መሪው ላይ ይደነዝዛል። በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን አካባቢ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ይህን ለውጥ ሰውነታችሁ በቀን ብርሃን ይችለዋል፤ እንቅልፍ ባጣ ሌሊት ግን አይችለውም።

ሌሊቱን የምንቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ብርዱ አይደለም። በመስመሩ ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና ሲቆም ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። አራት ጎማ ያለው መኪና ድንጋዩን ረግጦ ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ሁለት ጎማ ያለው ግን ይወድቃል። ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ ሲቀርብ የ125 ሲሲ ሞተር መብራት ከነጭራሹ የሌለ ያህል ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ከፊታችሁ በሬ ይቁም ግመል አታዩም። ከከሚሴ በታች ባለው ቆላ ከብትና ግመል መንገዱን የሚያቋርጠው ሰዓት ጠብቆ አይደለም።

ስለዚህ ከቅዳሜ ማታ ይልቅ ዓርብ ጠዋት ተነሡ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሡ፣ በዝግታም ተጉዛችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁም፣ 6 ሰዓት አካባቢ ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ፤ ከደሴ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዓቱ የጁምዓ ሰዓት በመሆኑ ሙስሊም ጓደኞቻችሁ እዚያው ይሰግዳሉ፤ ክርስቲያኖቹም የዓርብ ጾም ነውና ሽሯቸውን አስቀርበው ይጠብቋቸዋል። ለወሎ ልጅ ይህን መንገር ባያስፈልግም፣ የጉዞ ሰዓት ስትቆጥሩ ከመጀመሪያው አብራችሁ እንድትቆጥሩት ብለን ነው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱን ብትጀምሩ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደብረ ብርሃን ትገባላችሁ። ጀንበር ከመጥለቋ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተርፋችኋል፤ ይህ ትርፍ ጎማ ቢተነፍስ የምታስተካክሉበት ጊዜ ነው።

ጉዞው በሞተር የሚያበቃውም እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በሚንቀሳቀሱ ሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ጥሏል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ታርጋ ይዞ ለገጣፎን አልፎ መግባት ሩጫውን ሳያዩ ከፖሊስ ጋር መነጋገር ማለት ነው። ስለዚህ ጥበቃ ያለው ግቢ ያለበት ማረፊያ ፈልጋችሁ ሞተሮቻችሁን በሰንሰለት አስራችሁ አሳድሩ፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዛችሁ ላምበረት መናኸሪያ ውረዱ። የአልጋ ወጪው ይጨምራል፤ አንክደውም። ለአምስት ከተካፈላችሁት ግን ከአንድ የተሰበረ እግር ሕክምና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በዚህ መስመር ላይ ባለፉት ዓመታት ሰላም የደፈረሰባቸው ጊዜያት መኖራቸውን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደሴ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ዕለት ከአዲስ አበባ የገቡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ በየከተማው በሞተር ሳይክል ላይ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩንም ከትራፊክ ፖሊስ አረጋግጡ። ሾፌሮቹ «ቆዩ» ካሉ መቆየት ነው፤ ሩጫው በየዓመቱ ይመጣል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የ3ኛ ወገን መድን በእጃችሁ ይኑሩ። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ ሰው ብትገጩ ለተጎዳው የሚደርስለትም እሱ ነው።

ስለ ሞተሮቹ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት መካኒክ ዘንድ ሂዱ፤ ዋዜማው ላይ የተነካካ ሞተር መንገድ ላይ ሰው ያስቸግራል። የፍሬን ሸራዎቹ፣ የካቴናው ውጥረት፣ ዘይቱ፣ ካንዴላውና ጎማዎቹ ይታዩ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ30 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሁለት ሰው የጫነው 125 ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ ቢወጣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጋዙንም አታስጩኹት። ነዳጅ ከደሴ ሞልታችሁ ከተነሣችሁ ለ270 ኪሎ ሜትር ከ7 ሊትር ብዙ አትርቁም፤ ያም ሆኖ ከሚሴ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ማደያ ባገኛችሁበት ጨምሩ፤ ቀጥሎ ያለው ማደያ ነዳጅ ይኖረዋል ብላችሁ አትለፉ።

አነዳዳችሁ ጎን ለጎን አይሁን። ሁለት ሰው የጫነው ደካማ ሞተር መሃል ይግባ፤ ከሁላችሁ ልምድ ያለው መጨረሻ ይሁን። ፊት የሚሄደው ኋላውን በመስታወት እያየ ይንዳ፤ ከኋላው ያለው ከጠፋበት ይቁም። መገናኛችሁን በስም ወስኑት፦ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የማይገዛ መንገደኛ ስለሌለ እዚያ መቆሙ አይከብዳችሁም። ከደብረ ሲና በላይ ጉም ከያዘ ጥቁር መነጽር አውልቁ፣ መብራት አብሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ከፀሐይ ወደ ጨለማው በድንገት የገባ ዓይን ለጥቂት ሰከንዶች ምንም ስለማያይ ከመግቢያው በፊት ፍጥነት ቀንሱ።

እስካሁን የነገርናችሁ ስለ መሄጃው ነው። እኔ የምፈራላችሁ ግን መመለሻውን ነው። ስትሄዱ ትልቁ ተራራ ዳገት ነው፤ ዳገት የሚያደክመው ሞተሩን ነው። ስትመለሱ ያው ተራራ ቁልቁለት ይሆናል፤ ቁልቁለት ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ከብዙ ዓመታት በፊት እኔ ራሴ ከጣርማበር ስወርድ የሞተሩን ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን አስለቅቄ፣ የኋላ ፍሬኑን ብቻ ረግጬ ነበር። ደብረ ሲና ከመድረሴ በፊት ፍሬኑ ግሎ ፔዳሉ ባዶ ሆነብኝ። ከፊቴ የእንጨት ሸክም የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን እያቋረጡ ነበር። የዳነው የማንም ሕይወት በእኔ ብልሃት አይደለም፤ በመንገዱ ዳር አፈር ተከምሮ ስለነበር እሱ ውስጥ ገባሁ። የጉልበቴ ጠባሳ አሁንም አለ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለትን የምወርደው ዳገቱን በወጣሁበት ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬን የምነካውም ኩርባ ከመግባቴ በፊት አጠር አጠር አድርጌ፣ የፊቱንና የኋላውን አብሬ ነው። ፍሪሲዮን ይዞ መንደርደር ፈጽሞ አይገባም።

ስለዚህም እሑድ ከሩጫው በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሳችሁ እደሩ፤ ቁልቁለቱን ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ውረዱ። አንድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ እሑድ በመስመሩ ላይ የምትገኘው የሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰውና ከብት ይሞላል። የሰኞን ፈቃድ ከአሁኑ ከአሠሪዎቻችሁ ጠይቁ፤ ምክንያታችሁን በግልጽ ብትነግሯቸው የሚከለክል ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለ ሩጫው ጥቂት እንጨምር። ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ነው፤ በወንዶች ያሸነፈው ራሱ መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፣ በሴቶች ደግሞ ብርሃኔ አደሬ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ዋና ዋናዎቹ ወንድ አትሌቶች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚጨርሱት፣ ዘግይቶ የደረሰ ተመልካች የሚያየው ተከትሎ የሚጎርፈውን ሕዝብ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን መታየት የሚገባው ነገር ነው። መስመሩ ጠዋት ለመኪና ይዘጋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በእግር ልትደርሱበት በምትችሉት ርቀት ላይ እደሩ። መነሻው ላይ ከመጋፋት ይልቅ በመስመሩ ላይ ካሉት ዳገቶች አንዱን መርጣችሁ ቁሙ፤ አትሌቶች ፊታቸው የሚለወጠውና የሚለያዩት ዳገት ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የማያሳያችሁን የትንፋሽና የጫማ ድምፅም እዚያ ትሰማላችሁ። መሮጥም ከፈለጋችሁ የሚቻለው አስቀድሞ በመመዝገብ ነው፤ ምዝገባው ቀድሞ ስለሚያልቅ ለዘንድሮ ካልደረሳችሁበት ለከርሞ ያዙት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር በሞተር ሩጫ ለማየት ሲሄድ እኔንም ከኋላው አስቀምጦ ሊወስደኝ ቃል ገብቷል። ረጅም ቀሚስና ሻሽ ነው የምለብሰው። በሞተር ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። ልሂድ?
እኅታችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እኅታችን፣ ሂጂ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሁለት ነገር አሟዪ። አንደኛው የራስሽ የራስ ቁር ነው። አንዳንድ ወንድሞች የራሳቸውን አጥልቀው እኅታቸውን በባዶ ራስ ይጭናሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ ሁለታችሁ ስትወድቁ የምትወድቁበት አስፋልት አንድ ነው። የራስ ቁሩ ልክሽ መሆኑን ለማወቅ አገጭሽ ላይ አስረሽ ራስሽን ወዲያና ወዲህ አወዛውዢ፤ ከዞረብሽ አይሆንሽም።

ሁለተኛው ልብስሽ ነው። ረጅም ቀሚስ፣ ነጠላና የሻሽ ጫፍ በነፋስ ወደ ኋላ ጎማና ወደ ካቴና ይገባሉ፤ ከገቡም ሴቲቱን ከመቀመጫዋ ጎትተው ይጥላሉ። ከቀሚስሽ ሥር ወፍራም ሱሪ ልበሺ፣ ቀሚሱን ሰብስበሽ ከላይ በጃኬት ያዢው፣ የሻሹን ጫፍ ከጃኬቱ ውስጥ ክተቺ። በአንድ ጎን መቀመጥ በከተማ ውስጥ የተለመደ ቢሆንም ለሐረጎና ለጣርማበር ኩርባ አይሆንም፤ እግርሽን በሁለቱም ወገን አድርገሽ መርገጫው ላይ አሳርፊ። ኩርባ ላይ ወንድምሽ ወዳዘነበለበት አብረሽው አዘንብዪ፤ ፈርተሽ ወደ ሌላው ወገን ብትጎትቺው መሪውን ያጣዋል።

ከዕለቱ በፊት በአንድ እሑድ ጠዋት ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ አብራችሁ ወጥታችሁ ውረዱ፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም አለው። ደሴ ደርሰሽ ስትወርጂ እግርሽ ከተንቀጠቀጠ ለወንድምሽ ንገሪውና በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሞክሩ።