መልስ፦ ሁለት የአይሪስ (የአበባ ተክል) ዝርያዎችን ስለ ማዳቀል

ሰላም ይስጥልኝ። የሳይቤሪያን አይሪስ በውሃ ዳር ከሚበቅለው ቢጫ አይሪስ ጋር አዳቅለው ፍሬው ባዶ የሆነበትን ምክንያት ጠይቀዋል። ዋናው እንቅፋት ክሮሞሶሙ (በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከመው ክር) ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው 28፣ ሁለተኛው 34 ክሮሞሶም ስላለው፣ ዘሩ ቢፀነስ እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይጎለብት ይመክናል፣ ከዚያ የተረፈው ተክልም አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይሰጥም።

ይሁንና ተፈጥሮ ራሷ ይህን አጥር ተሻግራለች። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤድጋር አንደርሰን በ1936 እንዳሳየው፣ 108 ክሮሞሶም ያለው የሰሜን አሜሪካው ቨርሲከለር አይሪስ፣ ከሌሎች ሁለት የአይሪስ ዝርያዎች፣ 70 ካለው ቨርጂኒካና 38 ካለው ሴቶሳ፣ የተገኘ ሲሆን፣ የሁለቱ ክሮሞሶም በሙሉ ተደምሮ ስለቆየለት በደንብ ያፈራል። (በስታቲስቲክስ ትምህርት ዘወትር የሚጠቀሰው የ150 አይሪስ አበቦች ልኬትም የዚሁ ሰው ሥራ ነው።)

ለጀማሪ ግን ሁለቱም 28 ክሮሞሶም ያላቸውን ሲቢሪካን (ያው የሳይቤሪያውን አይሪስ) እና ሳንጉዊኒያ የተባለውን ዝርያ ማዳቀል ይሻላል። አበባው ሊፈነዳ ሲል ባለ ቀለም የአበባ ቅጠሎቹንና (ፔታሎቹን) ወንዴ ክፍሎቹን ያስወግዱ፤ ከዚያም የሌላውን የአበባ ዱቄት ከወንዴው ቦታ በላይ ባለችው ቀጭን ከንፈር ላይ በስሱ ይቀቡ፣ የወላጆቹንም ስም ጽፈው ግንዱ ላይ ያንጠልጥሉ።

ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ መከፈት ሲጀምር ዘሩን ይልቀሙ። ወዲያው አይበቅልም፤ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገው ለሦስት ወር ያህል በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዣ ያቆዩትና 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠልቀው ይዝሩት። የመጀመሪያውን አበባ ለማየት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጠብቃሉ።