መልስ፦ በስኮትላንዳዊው ገጣሚ በበርንስ ዘፈን ውስጥ ያለው «ዳው» ወፍ ነው ወይስ ንጋት?

ንጋት ነው፤ ግሡ «ነጋ፣ ጎህ ቀደደ» ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱ የሰጠህ ከቁራ ወገን የሆነችው ትንሽ ወፍ በስም ትመጣለች። አንተ በጠየቅህበት የ1789ኙ የመጠጥ ዘፈን ግን ቃሉ «ቀኑ» ከሚለው ባለቤት ቀጥሎ የገባ ግሥ ስለሆነ ወፏን እርሳት።

«ዘ ኮክ ሜይ ክራው፣ ዘ ዴይ ሜይ ዳው» የሚለውን ስንኝ ስትተረጉም «ዶሮው ይጮህ ይሆናል» አትበል። እዚያ ያለው ረዳት ግሥ «ሜይ» ጥርጣሬ አይደለም፤ «ቢሆንም ግድ የለንም» ነው። በዚያ ላይ «ክራው» (ይጮህ) እና «ዳው» ቤት ይመታሉ። ደግነቱ አማርኛው ራሱ ያቀብልሃል፦

ዶሮ ቢጮህ፣ ቢቀድ ጎህ፣
እኛ ግን...

ከዚህ በኋላ መጠጡን ጠላ ለማድረግ ያምርህ ይሆናል። የገብስ መጠጥ ብትለው ይሻላል፤ ስኮትላንድነቱን አይለቅም።

ቃሉን በርንስ አልፈጠረውም። ከእሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ገጣሚ ደንባር የኤዲንብራ ነጋዴዎችን ሲነቅፍ፣ አዝማሪዎቻችሁ የሚያውቁት ዜማ ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱም «አሁን ነጋ» የሚለው ነው ብሎ ያሾፋል። ሌላው ስኮትላንዳዊ ገጣሚ ሞንትጎመሪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግጥሙን በዚሁ ቃል ከፍቶ ወዲያው ዶሮ ያስጮኻል። ዶሮና «ዳው» አብረው የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዶሮውን ከትርጉምህ አታውጣ።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ግሎሚንግ» የሚል ቃል ሲገጥምህ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ስላለው ብቻ ንጋት እንዳታደርገው። በስኮቶቹ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ ምሽት ነው፣ ዓይን ለዓይን መያዣ። ተርጓሚ እዚህ ላይ ሲስት ፍቅረኞቹ ማታ መገናኘታቸው ቀርቶ በጠዋት ይገናኛሉ።