የእርሳስ ወታደሮች ነጭ ዱቄት ሲያወጡ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ከአንድ አዛውንት ሰብሳቢ ቤተሰብ 200 ያህል የናፖሊዮን ዘመን ወታደሮችን የሚያሳዩ የጦርነት ጨዋታ ምስሎች (ትናንሽ ቅርጾች) ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እርሳስ (ሊድ) ከሚባለው ብረት የተሠሩ፣ ቁመታቸው 25 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ አብዛኞቹ የፈረንሳይ እግረኞች ናቸው። የተረከብኳቸው ከነኦክ እንጨት መሳቢያቸው ነው። አሁን ከእግራቸውና ከሳንጃቸው ነጭ ዱቄት እየወጣ ቀለማቸው ይላጣል። በኮምጣጤ ልጠባቸው ወይስ እንደገና ቀለም ልቀባቸው?

መልስ፦ ኮምጣጤ አያስነኳቸው፤ ሎሚም እንዲሁ። ምስሎቹን እየበላ ያለው ራሱ የኮምጣጤ አሲድ ነው። ቀለሙም ለጊዜው ይቆይ። ዛሬውኑ ምስሎቹን ከመሳቢያው ያውጡና ክዳን ባለው ተራ የፕላስቲክ ሳጥን ያስቀምጧቸው። ኦኩ ውስጥ እስካሉ ድረስ የሚያደርጉት ጽዳት ሁሉ ድካም ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንጨት፣ ከሁሉም በላይ ኦክ፣ ለብዙ ዓመታት የአሴቲክ አሲድ ትነት ያወጣል። ኮምፔንሳቶ፣ ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ካርቶንና ነጭ የእንጨት ኮላም ያወጣሉ። ትነቱ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ እርሳሱን ወደ እርሳስ አሲቴት ይለውጠዋል። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አሲቴቱን ነጭ የእርሳስ ካርቦኔት ያደርገውና አሲዱን መልሶ ነጻ ይለቀዋል። የተለቀቀው አሲድ ወደሚቀጥለው እርሳስ ይሄዳል። ጥቂት አሲድ ብዙ ምስል የሚያጠፋው በዚህ ዑደት ነው። ዱቄቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ይፈነቅለዋል። የድሮ አውሮፓ ቀለም ሠሪዎች ነጭ ቀለም ሆን ብለው የሚያመርቱት በዚሁ መንገድ ነበር፤ እርሳሱን ኮምጣጤ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያገኝ በፈረስ ፋንድያ ከበው ለወራት ይተዉታል። የእርስዎ መሳቢያ ያንኑ ሥራ በዝግታ እየሠራ ነው።

አንዱ ተበልቶ ጎረቤቱ ደህና ቢሆን አይገረሙ። ልዩነቱ ቅይጡ ላይ ነው፤ እርሳስ የበዛበት ቶሎ ይጠቃል፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ የሚባለው ብረት በደንብ የገባበት ይቋቋማል። ቀለም ያልነካውን፣ ምስሉ የቆመበትን የብረት መቀመጫ ጠርዝ ነጭ ወረቀት ላይ ጫን አድርገው ሲያሰምሩ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳሱ ብዙ ነው።

የነጣ ነገር ሁሉ ግን ይህ በሽታ አይደለም። እርጥበት ባለበት ቀን የተነፋ ፈዛዛ ቫርኒሽ መላውን ምስል እንደ ጉም እኩል ያለብሰዋል፤ አንድ ጠብታ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሲነካው ነጩ ይጠፋል። የእርሳሱ በሽታ ግን ፍርፋሪ ነው፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ ከሥሩም ጉድጓድ ይተዋል። ያልተቀባ እርሳስ ላይ የሚታየውን ለስላሳ ጥቁር ግራጫ ቆዳ ግን አይፋቁት፤ ያ ብረቱን የሚጠብቀው ነው።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ዱቄቱ መርዝ መሆኑን አይርሱ። በደረቁ አይቦርሹት፣ አይንፉት፣ በተራ ቫክዩም አይምጠጡት። ጓንት ያድርጉ፣ ከተቻለም ኤፍኤፍፒ3 የሚባለውን ረቂቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ይጨምሩ። የሥራው ቦታ ከወጥ ቤት ውጭ ይሁን፤ ትናንሽ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት አይቅረቡት። ያገለገለውን ወረቀትና ዝቃጭ በከረጢት አሽገው ካውንስሉ (የአካባቢዎ አስተዳደር) አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ጣቢያ ይውሰዱ።

መጀመሪያ ከምስሎቹ ሥር የተጣበቁትን የካርቶን ወይም የእንጨት መቀመጫዎች ያላቅቁ። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ምስሎቻቸውን በካርቶን ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ በነጭ ኮላ እያጣበቁ ላዩን አሸዋ ወይም የተቀለመ ሰጋቱራ ይነሰንሱበት ነበር። ምስሉ ከመሳቢያው ቢወጣም አሲዱ ከእግሩ ሥር አብሮት ይጓዛል ማለት ነው፤ ከእግር የጀመረብዎትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑ ሥር የሬጅመንት ስም ወይም ቁጥር ተጽፎ ከሆነ አስቀድመው ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ካርቶኑን በውሃ ጠብታ አርሰው 10 ወይም 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ኮላው ነጥቶ ሲለሰልስ ስስ ምላጭ አግድም አስገብተው ያንሡ። እግሩን ይዘው አይጠምዝዙ፣ የተበላ ምስል የሚሰበረው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ከሆነ በከረጢት አሽገው ፍሪዘር ውስጥ 2 ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ማጣበቂያው በቅዝቃዜ ተሰባሪ ስለሚሆን በትንሽ ግፊት ይለቃል።

ከምስሉ ጋር አብሮ የተቀረጸውን የብረት መቀመጫ ሆድ ግን በሞረድ አይሙረዱ። እንደ ሂንተን ሀንት ባሉ ሠሪዎች የቆዩ ምስሎች ላይ የካታሎጉ ቁጥር የተቀረጸው እዚያ ነው። የሳውዝሃምፕተኑን ሠሪ የሚኒፊግስን ምስል ከዮርክሺሩ ሠሪ ከሂንችሊፍ፣ ሁለቱንም ከሌላ ሰው ግልባጭ ለመለየት እንዲህ ያለ ምልክት ትልቅ ማስረጃ ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ምስል ዋጋውም ማንነቱም ይቀንሳል።

እጥበቱ ቀላል ነው። ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያድርጉ። ምስሉን እያረጠቡ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የሻኮውን (የረጅሙን የወታደር ባርኔጣ) እና የቦርሳውን ጥጋጥግ ደግሞ በስቴኪኒ ያጽዱ። አንዱ ምስል ውሃ ውስጥ ከ2 ደቂቃ በላይ አይቆይ። በተጣራ የባትሪ ውሃ መዘፍዘፍን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ማዕድን የሌለው ውሃ እርሳስን ያሟሟል። ጨርሰው በንጹሕ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ ወዲያው በወረቀት አድርቀው በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ይንፉበት። ኮስቲክ ሶዳ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ እርሳስንም ቆርቆሮንም ይበላል።

የድሮው ቀለም ጤነኛ በሆነበት ቦታ አይንኩት። የተፈነቀለውን ቅርፊት ብቻ በስስ ምላጭ አንሥተው ሥሩን ያጽዱ። ከ50 ዓመት በፊት በእጅ የተቀባ ሠራዊት አንዴ በአሴቶን ከታጠበ አይመለስም፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም ያንኑ አሮጌ ቀለም ነው።

ቀጥሎ ያለው ብዙዎች የሚዘሉት ነው፦ መጠበቅ። የታጠቡትን ምስሎች ጥቁር ፕላስቲክ በተነጠፈበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ ለ6 ሳምንት ያቁሙ፤ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) እና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይጨምሩበት። አዲስ ዱቄት ከረገፈ ጥቁሩ ላይ ወዲያው ይታያል። የረገፈበትን ምስል ለይተው እንደገና ያጥቡት። ይህን ሳይጠብቁ ከቀቡ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው አሲድ ከአዲሱ ቀለም ሥር ሥራውን ይቀጥላል፤ እርስዎም የሚያውቁት ቀለሙ ሲያብጥ ነው።

ዱቄት ያልታየባቸውን በውሃ ሳይሆን እንደ ቲነር ባለ ሶልቬንት የሚቀጥን የብረት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ሥረ ቀለም) ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቧቸው። የመቀመጫው ሆድም ይቀባ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ኢናሜልና ዘይት ቀለም ሲደርቁ ራሳቸው አሲድ ያወጣሉና ቢያንስ 2 ሳምንት በአየር ላይ ሳይቆዩ ሳጥን አይክደኑባቸው። ለአዲስ መቀመጫ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ወይም የፕላስቲክ ሉህ ከሁለት ቱቦ በሚደባለቀው ማጣበቂያ፣ በኢፖክሲ ያጣብቁ። ላሜራ ከመረጡ ሳጥኑ ውስጥ የማግኔት ሉህ ሲያነጥፉ ምስሎቹ አይጋጩም።

ለዘለቄታው የብረት መሳቢያ፣ መስታወት፣ ወይም ሥሩ ላይ 5 ቁጥር ያለበት የፖሊፕሮፒሊን ሳጥን ጥሩ ነው። 3 ቁጥር ያለውን ፒቪሲ ይተዉ። ለ10 ሊትር ሳጥን 200 ግራም ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ እርጥበቱን ከ50 በመቶ በታች ያቆዩት። ሲሊካ የሚይዘው ግን እርጥበትን ነው፣ አሲድን አይደለም። ለአሲዱ አክቲቬትድ ካርቦን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይጨምሩ። የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ካላሳየሁ ካሉ፣ ውስጡን በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑትና አየር የሚዘዋወርበት ቀዳዳ ይተዉለት።

ለተሰበሩት ሳንጃዎች 0.5 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ይጠቀሙ። ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፈው ቅርጹን በመቁረጫ ያውጡ፣ የጠመንጃውን አፈ ሙዝ በእጅ ድሪል 2 ሚሊ ሜትር ያህል በስተው በኢፖክሲ ይትከሉት። የጎበጠ ሳንጃ ሲያቃኑ ቀስ ብለው፣ አንዴ ብቻ ይሁን፤ የተመላለሰ ብረት ይቀነጠሳል።

እግራቸው እስከ ውስጡ ዱቄት የሆነ ጥቂቶች ይኖራሉ። እነዚህን ከጤነኞቹ ለይተው ያሽጓቸው፤ አቅልጬ እንደገና እቀርጻለሁ ብለው ግን ቤት ውስጥ እሳት ላይ አያድርጓቸው። ካርቦኔቱ ሲሞቅ ወደ እርሳስ ኦክሳይድ ይለወጣል፣ ብናኙም ወደ ሳንባ ይገባል።