አካባቢ ሳይንስን ከእምቦጭ ጀምሪው

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ውሃውን፣ ዕፅዋቱን፣ ካርታውን፣ ንጽሕናውን፣ የሰዉን ኑሮ አንድ ላይ ነው የያዘው። እኔ የተማርኩት ባዮሎጂ ስለሆነ ሳይንሱን ለብቻ፣ ኅብረተሰቡን ለብቻ እየከፈልኩ ኖት አስጽፋለሁ። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ወዲያው ይረሱታል። እንዴት ላዋህደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምዕራፎቹን በግድ ለማገጣጠም አትድከሚ። ልጆቹ የሚያውቁትን አንድ ነገር ምረጪና ጥያቄውን ተከተይው፣ ሌላው እየተጎተተ ይመጣል። ጣና አጠገብሽ እያለ ደግሞ ምን ቸገረሽ!

እኔ ብሆን ጣና ላይ በሚንሳፈፈው አረም፣ በእምቦጭ እጀምራለሁ። አንዱን ተክል ባልዲ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ ይንሳፈፋል። ለምን? አትንገሪያቸው፣ ይገምቱ። ከዚያ ያበጠውን የቅጠሉን ዘንግ በምላጭ ሰንጥቀሽ አሳያቸው፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲጨምቁት አረፋ ይወጣዋል። አየር መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ክፍልሽ ብዙ ልጅ ካለው በቡድን አድርጊው፣ ምላጩ ግን ካንቺ እጅ አይውጣ።

ቀጥሎ ሥሩን ይዩት። አፈር አልነካም፣ ታዲያ ምን ይበላል? እዚህ ላይ ጠመኔ አንሺና ጣናን ወለሉ ላይ ሳይው፦ ግልገል አባይ ከደቡብ፣ ርብና ጉማራ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ይገባሉ፣ አባይ በእኛው በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። ክረምት ላይ ወንዞቹ ከየማሳው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ሐይቁ ውስጥ ይከቱታል፣ እምቦጩም በዚያ ይፋፋል። ካርታው፣ እርሻው፣ ተክሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ መጡልሽ ማለት ነው። ሒሳብም አለው፦ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ስለሚሆን ከአንድ ተነስተው 2፣ 4፣ 8 እያሉ ይቁጠሩ።

ኑሮውን ግን አንቺ አታስረጂ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወይም ከደንገል ታንኳ የሚሠራ አባት ክፍል ጋብዢ። አረሙ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነውና ከዚያ በፊት ሐይቁ ምን ይመስል እንደነበር፣ አሁን መረባቸውን ምን እንደሚያደርገው ልጆቹ ይጠይቋቸው። ልጆቹ ከሚያዳምጡት በላይ ይጠይቃሉ፣ ተያቸው።

ሁለት ነገር አደራ። ልጆቹን ሐይቅ ዳር ብትወስጃቸው ውሃው ውስጥ አይግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ፤ የንጽሕናውን ምዕራፍ እዚያው አስተምሪው። የተረፈውንም እምቦጭ ቦይ ውስጥ እንዳትጥዪው። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ አድርቀሽ አቃጥይው።

ኖቱ ይቅር አላልኩም። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ይናገሩ፣ አንቺ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ እነሱ ይገልብጡ። ፈተና ስታወጪም «ጉማራ ክረምት ላይ ለምን ይደፈርሳል? ዓሣ አጥማጁንስ ምን ያደርገዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ሳይንሱንም ኑሮውንም በአንዴ ታዪዋለሽ።