መልስ፦ የደም ቅባትና የመርሳት ችግር በመልቲፕል ስክሌሮሲስ

መልቲፕል ስክሌሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባት እህትዎ ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጸው፣ የምትረሳው ከዚህ የተነሳ እንደሆነ ጠይቀዋል። ኮሌስትሮል ነርቭን ለሚሸፍነው ማይሊን ዋና ግብዓት ቢሆንም፣ አንጎል የሚያስፈልገውን ራሱ ስለሚያመርትና በደም ውስጥ የሚዘዋወረውም ወደ ጤናማ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ ስለ ማስታወስ ችሎታዋ በቀጥታ አይናገርም። ከፍተኛ ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) ግን የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ፣ በተለይ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባት፣ ችላ የሚባል አይደለም።

ስታቲን የተባሉትን ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች በተመለከተ፣ በብሪታኒያ 140 የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከስታቲኖች አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲን በቀን 80 ሚሊግራም ሲወሰድ የአንጎል መጠን የሚቀንስበትን ፍጥነት እንዳዘገየ በማሳየቱ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር፤ የተከተለው ትልቅ ሙከራ ግን መድኃኒቱ የአካል ጉዳቱን መባባስ እንዳልገታ በ2024 ይፋ ሆነ። ስለዚህ ለልቧና ለደም ሥሯ ከታዘዘላት ትውሰደው፤ የመርሳት መድኃኒት ነው ብላ ግን አትጠብቅ፤ በራሷም አትጀምረው።

በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በ90 ሰከንድ ውስጥ ምልክቶችን ከቁጥሮች ጋር ማዛመድን የሚጠይቀውን ፈተና እንዲሰጧት የነርቭ ሐኪሟን መጠየቅ ነው፤ ድካም፣ ድብርትና የእንቅልፍ ችግርም ተመሳሳይ መርሳት ስለሚያመጡ አብረው ይታዩላት።