ከላሜራው ሥር እንጨት ለምን ተገኘ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) ነኝ። በ1920ዎቹ የተሠራች መኪና በር ስፈታ ከላሜራው ሥር እንጨት አገኘሁ፣ ያውም የበሰበሰ። ብረት እያለ እንጨት ምን ያደርጋል? ፓራፋንጎውንስ (የጎማ መሸፈኛውን) ያለ ፕሬስ እንዴት እንዲህ አጎበጡት? እንጨቱን በብረት ብተካውስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። በዚያ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች ሻንሲውን (ቦዲው የሚቀመጥበትን የብረት መሠረት)፣ ሞተሩንና ራዲያተሩን አዘጋጅተው ያስረክባሉ፤ ቦዲውን የሚሠራው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከሠረገላ ሥራ የመጡ ናቸው፣ የሚያውቁትም እንጨት ነው። አሽ የሚባለውን ጠንካራ ግን እሺ ብሎ የሚታጠፍ እንጨት ገጣጥመው አጽሙን ያቆማሉ፣ ላሜራውን ላዩ ላይ ይመቱበታል። ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ ነው፤ ላሜራው ልብስ ብቻ ነበር።

ፓራፋንጎው በእጅ የወጣ ከሆነ ግን ሌላ ጥበብ ነው። ላሜራው በልኩ ከተቆረጠ በኋላ መሃሉ በአሸዋ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ይመታል። በተመታ ቁጥር ብረቱ እየሳሳ ይሰፋል፣ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ጠርዙ ግን በተቃራኒው መሰብሰብ አለበት፣ አለዚያ ይጨማደዳል፤ የባለሙያው ልክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ላሜራው በሁለት የብረት ጎማዎች መካከል፣ ላይኛው ጠፍጣፋ ታችኛው ጎበጥ ያለ፣ የመዶሻው ጠባሳ እስኪጠፋ ድረስ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። በመጨረሻ ጠርዙ ሽቦ ላይ ይጠቀለላል። እስቲ ከሥር በጣትዎ ይዳስሱት፣ ያ ክብ ጠርዝ ሳይኖር አይቀርም። ስስ ላሜራ በጉዞ እንዳይርገፈገፍ የያዘው እሱ ነው።

ሙሉ የብረት ቦዲም ቢሆን ያኔ ነበረ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባድ በ1912 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፊላዴልፊያ ውስጥ ድርጅቱን ከፈተ፤ በ1914 መጨረሻ የወጣችው የመጀመሪያዋ ዶጅ መኪና የእሱን የብረት ቦዲ ለብሳ ነው የመጣችው። የፈረንሳዩ መኪና ሠሪ ሲትሮየንም በ1924 በዚሁ ዘዴ ጀመረ። ትልቁ ጥቅም ቀለሙ ላይ ታየ። የእንጨት አጽም ያለው ቦዲ በኃይለኛ ሙቀት ሊጋገር ስለማይችል ቀለምና ቫርኒሹ ተደራርቦ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፣ የብረቱ ግን ምድጃ ይገባል። ታዲያ ሁሉም ለምን ወዲያው አልተከተለውም? ላሜራው የሚታተምበት ቅርጽ እጅግ ውድ ስለሆነ ብዙ መኪና ለማይሸጥ ሰው አያዋጣም። ጣሪያውም አስቸጋሪ ነበር፦ ያን ያህል ሰፊ ላሜራ በቀላሉ ስለማይገኝ መሃሉን በጨርቅ ይሸፍኑታል። ጄኔራል ሞተርስ አንድ ወጥ የብረት ጣሪያ ያመጣው ለ1935 ሞዴሎቹ ነው።

እንጨቱን በብረት መተካቱን እኔ አልመክርዎትም። ያ ቦዲ የተሠራው ከሻንሲው ጋር ትንሽ እየተጣመመ እንዲሄድ ነው። አንዱን ቦታ ብቻ ግትር ካደረጉት ላሜራው አጠገቡ ይሰነጠቃል። የበሰበሰውንም እንዳይጥሉት፣ ፍርስራሹ ራሱ መለኪያ ነው። ቁርጥራጩን ገጣጥመው ፎርማ ያውጡ፣ አዲሱን እንጨት ላሜራ ሳያለብሱ ቦዲው ላይ አስገብተው በሩ እንደሚዘጋ ይሞክሩ። ከዚያ የተቆረጡትን ጫፎች በደንብ ቫርኒሽ ያጠጧቸው፤ ውኃ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው።