«አንድ ሰከንድ» ስንት ደቂቃ ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተመካከሩ ይመስል አንድ ሰፈር ተገናኝተዋል። ፈረንጆች «ጀስት ኤ ሰከንድ»፣ «ኢን ኤ ሞመንት»፣ «ስፕሊት ሰከንድ» የሚሏትን ኢምንት ጊዜ እኛ ምን እንበላት ነው ነገሩ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ፤ ስለ አጭር ጊዜ ለመጠየቅ አራት ገጽ የጻፈ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ያለ ወጣት ነው። ለፊልም ሰብታይትል ይሠራል። «ፎር ኤ ስፕሊት ሰከንድ» የሚለውን «ለተሰነጠቀ ሰከንድ» ብሎ ተረጎመው። ጓደኞቹ ሙዱን ያዙበት። ምን ማለት ነበረብኝ ይላል።

መልስ፦ ጓደኞችህ እውነታቸውን ነው። ግን አትፈር። እኔም በጀማሪነቴ «ለሰከንድ ስንጣቂ» ብዬ ጽፌ፣ አርታኢዬ በቀይ እስክሪብቶ «ማገዶ ነው እንዴ?» ብሎ መልሶልኛል። ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም።

አባባሉ የመጣው ከሰዓት ሠሪዎች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ሰከንድ ቆጣሪ የተደራረበበት የኪስ ሰዓት ነበረ። ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ይሮጣሉ። ቁልፉን ሲጫኑት አንዱ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ጉዞውን ይቀጥላል። አንደኛው ፈረስ ሲገባ አንዱን አቁመህ ሁለተኛውን ፈረስ በሌላው ትለካለህ። ሰከንዱ «ተሰነጠቀ» የተባለው ቆጣሪዎቹ ስለተለያዩ ነው። እኛ ያንን ሰዓት በኪሳችን ይዘን አናውቅም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ለኛ ማገዶ ሆኖ ይታየናል።

«በቅጽበት» ወይም «ከመቅጽበት» በል። ቅጽበት እኮ ራሱ ዓይን ነው። ግዕዙ «ቀጸበ» ሲል በዓይን ጠቀሰ ማለቱ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይ ሁላችን «በቅጽበተ ዓይን» እንለወጣለን ይላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው ቦታ ላይ ዓይንን ነው የጠራው። ዓይን አንዴ ለመርገብገብ ከሰከንድ አንድ አስረኛ እስከ አራት አስረኛ ይወስድበታል። ከፈረስ ግልቢያው ሰዓት የሚያንስበት ነገር የለም።

ግን ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁሌ ስም አትፈልግ። ግሱን ፈልግ። የአማርኛ አጭር ጊዜ የተቀመጠው ግሱ ውስጥ ነው። ተዋናይዋ ለአንድ «ሞመንት» ቆመች ቢልህ «ለአንድ አፍታ ቆመች» አትበል። «ቆም አለች» በል፤ አለቀ። «በሩን ከፈተ» ካልክ በሩ ክፍት ሊያድር ይችላል። «በሩን ከፈት አደረገ» ካልክ ግን እጁ ገና እጀታውን አልለቀቀም። ቀና አለ፣ ጠጋ አለ፣ ዘወር አለ፣ አረፍ አለ፤ አንዳቸውም «ለጥቂት ጊዜ» የሚል ጓዝ አያስፈልጋቸውም። ከዚያም የፈጠነ ከፈለግክ ብልጭ፣ ድርግም፣ ከች፣ ዱብ፣ እልም አሉልህ። «መብራቱ ለስፕሊት ሰከንድ በርቶ ጠፋ» የሚል አበሻ አይቼ አላውቅም። «ብልጭ ብሎ ድርግም አለ» ነው የሚለው። ደግሞ አስበው፦ ሰብታይትል ላይ ስንት ፊደል እንደሚቆጥብልህ።

ጥያቄ፦ «ሰከንድ» የሚጻፈው በየትኛው «ሰ» ነው?

መልስ፦ በእሳቱ «ሰ»። ንጉሡን «ሠ» ለፈረንጅ ቃል አናስቸግረውም።

ጥያቄ፦ አዳማ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ፣ አስተማሪው «ኢን ኤ ጂፊ እመለሳለሁ» ብሎ ወጥቶ ቀረበት። ጂፊ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ጠያቂው ነው። በተራ እንግሊዝኛ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ «በቶሎ» ማለት ነው፤ ልክ የለውም። ዛሬ ትንሽ ያረጀ ቃል ስለሆነ ወጣት ሲለው እንደ አያት ያስመስለዋል። ሳይንቲስቶች ግን አልተዉትም። አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ብርሃን አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ጂፊ ይባል ብሎ ነበር። ይህም የሰከንድ ትሪሊዮንኛ 33 ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ሰዎች የመብራቱን አንድ ዙር ጂፊ ይሉታል። የኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ዙር ስለሚዞር አንዱ 20 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ መብራት ካለ። አንተ ደግሞ በትምህርትህ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ «ጂፊስ» የሚባል ቆጣሪ ታገኛለህ። ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ስንት ምት እንደመታ ይቆጥራል። ምቱ በሰከንድ 100 ከሆነ አንዱ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ 250 ከሆነ 4፣ 1000 ከሆነ 1።

የባሰም አለ። እንግሊዞች «የበግ ግልገል ጭራውን ሁለቴ እስኪያወዛውዝ» የሚል አባባል አላቸው፤ አጭር ጊዜ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ የሠሩት ሰዎች ከዚያ ላይ «ሼክ» (አንድ ውዝዋዜ) የሚል መለኪያ አወጡ። አንድ ሼክ 10 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ቢሊዮንኛ 10 ነው። ግልገሏ አልሰማችም።

አስተማሪህ በየትኛው ጂፊ እንደሄደ ለዲፓርትመንቱ አመልክት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ቁጣ አለባቸው። «አገሪቱ የራሷ ዘመን አቆጣጠር እያላት ሰከንድን ከፈረንጅ መበደር ምን የሚሉት ነው? ሊቃውንቶቻችን አጭር ጊዜ አይለኩም ነበር?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይለኩ ነበር። ያውም እስከ ጥግ።

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው። አንዱ ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል። ኬክሮስ ለ60 ሲከፈል ካልዒት፣ ካልዒት ለ60 ሲከፈል ሣልሲት፣ ከዚያ ራብዒት፣ ኃምሲት፣ ሳድሲት እያለ ይወርዳል። ትናንት ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ካልዒት 24 ሰከንድ ወጣ። ሣልሲት 0.4 ሰከንድ፤ ረዘም ያለች አንድ የዓይን እርግብግቢት ማለት ነው። ሳድሲት ጋ ስደርስ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ያህል ቀረኝ። ያንን የሚለካ መሣሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልነበረም። የሒሳቡ ሽርፍራፊ እንዳይጠፋ ነው ስም ያወጡለት።

አሁን የስሙን ነገር ይዩልኝ። ካልዒት ማለት «ሁለተኛዪቱ» ነው፤ ሁለተኛው ክፍፍል ላይ የምትገኝ። «ሰከንድ»ስ? ላቲኖቹ ሰዓትን ለ60 ከፍለው «የመጀመሪያዪቱ ትንሽ ክፍል» አሉ። ያችን መልሰው ለ60 ከፍለው «ሁለተኛዪቱ ትንሽ ክፍል» አሉ። ከሐረጉ «ትንሽ» የሚለው ተቆርጦ ሚኒት ሆነ፣ «ሁለተኛ» የሚለው ተቆርጦ ሰከንድ ሆነ። ደቂቃም ከ«ደቂቅ» ነው፤ ትንሽ፣ ረቂቅ። እንግዲህ በላቲን የጻፈው ሊቅና የኛ መምህር አንድ ዓይነት ስም ይዘው ተገኙ። ልዩነቱ እነሱ ከሰዓት ጀምረው ሲከፍሉ የኛዎቹ ከዕለት መጀመራቸው ነው። 60ን ለሁላችንም ያወረሱን ባቢሎናውያን ናቸው።

ስለዚህ ሰከንድን አውጥተን ካልዒትን እንተካ? አይሆንም፤ ልኩ ይለያያል፣ የሩጫ ሰዓታችንም ይበላሻል። በስልክ «አንድ ሰከንድ ይጠብቁኝ» የሚሉን ሰዎች ግን «አንድ ካልዒት» ቢሉን ወደ እውነቱ ይቀርቡ ነበር። ለተረፈው የአቡሻኽር (የዘመን ቆጠራ) መምህር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሪያድ የምትሠራ እህት፣ አሠሪዋ «ደቂቃ፣ ደቂቃ» ስትላት አማርኛ የቻለች መስሏት ደንግጣ ነበር።

መልስ፦ ዐረብኛ ነው፤ ዘሩ ግን አንድ ነው። እስራኤል ያሉትም በየመንገዱ «ረጋ!» ሲባሉ ተቆጥተው ያውቃሉ። በዕብራይስጥ «አንድ አፍታ» ማለት ነው። ረጋ ብትሉም አትጎዱም፤ «የተረጋጋ» የሚለው ቃላቸውም ከእነዚያው ፊደላት ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የገባ ሰሞን ነው። አብራሪው «ሞመንተሪሊ እናርፋለን» አለ። አርፈን ወዲያው ልንነሳ ነው ብሎ ቀበቶውን አልፈታም።

መልስ፦ አሜሪካኖች «አሁን፣ በአፍታ ውስጥ» ማለታቸው ነው። እንግሊዝ አገር ቢሆን «ለአፍታ ያህል» ይሆን ነበር። በፍርሃትህ አትሳቀቅ፤ በእንግሊዞቹ ልክ ነህ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ሆቴል የምትሠራ ናት። ለአለቃዋ «አይ አም ካሚንግ» ብላ ወደ መጋዘን ሄደች። አለቃዋ «የምትሄጂ መስሎኝ?» አላት። እስካሁን ያሾፉባታል።

መልስ፦ «መጣሁ» ማለትሽ ነበር። ይህቺ ቃል የአማርኛ ተአምር ናት። እየሄድሽ «መጣሁ» ትያለሽ። ገና ሳይሠራ «ጨረስኩ»፣ ገና ፎጣ ታጥቀሽ ከቤት ሳትወጪ «ደረስኩ»። ያላለቀውን በአለቀ ግስ የምንናገረው ልንዋሽ አይደለም። አድማጩ እንዳይከፋው መመለሱን አስቀድመን እየሰጠነው ነው።

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከደጃፍ «መጣሁ» ትል ነበር። ጎረቤት ቡና ተፈልቷል። አቦል፣ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ስትመለስ ወጡ አሯል፣ እኛ ተኝተናል። አንድም ቀን ግን ዋሸሽ ያላት የለም። መጣች እኮ።

ለአለቃሽ «አይል ቢ ራይት ባክ» በያት። ካላመነችሽ ደግሞ ናይጄሪያውያንም በእንግሊዝኛቸው እየሄዱ «አይ አም ካሚንግ» እንደሚሉ ንገሪያት። ብቻሽን አይደለሽም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ያለች ልጅ ናት። የ67 ዓመት እናቷ አንድ ዓይኗ ላይ መጋረጃ እንደወረደባት ጨለመባት፤ «ወዲያው» ተመለሰላት። ሐኪም ጋ ደውላ «ፎር ኤ ሰከንድ ማየት አቃታት» ልትል ነው። አባባሉ ልክ ነው?

መልስ፦ ለዚህች ልጅ ዓምዱን ሳልጠብቅ በዚያው ሌሊት መልሼላታለሁ። እዚህ የማወጣው ሌላም ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው።

አባባሉን ተዪው። እናትሽን ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። አንድ ዓይን ሳያም ድንገት ጨልሞ ሲመለስ፣ ወደ ዓይኑ የሚሄደው ደም ለጊዜው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። መመለሱ አያዘናጋሽ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ለሁለት ሳምንት አትጠብቂ። ፊቷ ከተጣመመ፣ እጇ ከሰነፈ ወይም አፏ ከተሳሰረ መኪና አታስነሺ፤ 911 ደውይ።

ከዚያ ስለ ቃሉ። «ሰከንድ» አትበይ፣ «ሞመንት»ም አትበይ። በኛ አፍ «ወዲያው» አምስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ደግሞ «ሰከንድ» ስትዪው ሰከንድ ብሎ ይጽፋል። እናትሽን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂያት። «አቤት» እስክትል ነው ወይስ አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ እስክትጨርስ? የቱ ዓይን? ስንት ሰዓት ላይ? በኢትዮጵያ ሰዓት ከነገረችሽ ቀይሪው፤ የነሱ ስምንት የኛ ሁለት ነው። ቁጥር ይዘሽ ግቢ። አስተርጓሚም ጠይቂ። ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቺ እንግሊዝኛ ብትችዪም ጠይቂ፤ የደነገጠች ልጅ ጥሩ አስተርጓሚ አትሆንም።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይ ውሌ ላይ «ብልሽት ሲኖር ተከራዩ ወዲያውኑ ያሳውቃል» ይላል። ወዲያውኑ ስንት ቀን ነው?

መልስ፦ ጠበቃ ይጠይቁ። በሚቀጥለው ውል ላይ ግን ቀኑን በቁጥር ያስጽፉ።

ጥያቄ፦ ስለ ፊደል «ጰ» ከጠየቅኩህ ሦስት ወር ሆነኝ። በየሳምንቱ «በቅርቡ» ትላለህ። መቼ ነው የምትመልሰው?

መልስ፦ መጣሁ።